ላራልዴ ቤት ቃሉን ሲሽር

የሳሮቤ መንደር ሙዚየም ከተከፈተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ኒኮላሳ ከወጥ ቤቷ መስኮት ሆና ጣሪያውን ታየዋለች፤ በአውቶቡስ የሚመጡ ጎብኚዎች መንገድ ሲጠፋባቸውም በማማሰያዋ ትጠቁማቸዋለች። ራሷ ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ከመንደሩ ሰው የገባ አልነበረምና። ቤቱ የሚተርከው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ከዚህ መንደር እየታሰሩ ስለተወሰዱ ሰዎች ነው። የሳሮቤ ሰው ስለ ጠንቋይ የሚበቃውን ያህል አውቃለሁ ብሎ ያምናል። ከዚያ በላይ ማወቅ የጎብኚ ሥራ ነው።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ኒኮላሳ የቅዳሴ ጫማዋን ተጫምታ፣ ሻሿን ሁለት ጊዜ ፈትታ ሁለት ጊዜ አስራ፣ በካፊያው ቁልቁለቱን ወረደች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። አረማመዷ መጥሪያ የደረሰው ሰው አረማመድ ነበር።

ነገሩ የመጣው በሳህን ነው።

በሳሮቤ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ሳይሆን በሚኖርበት ቤት ስም ነው። ኒኮላሳ የላራልዴ ናት። እዚያ አልተወለደችም፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ ማርቲንን አግብታ ከተራራው ወዲያ የመጣች ናት። ደፉን በተሻገረች ዕለት ግን የድሮ ስሟ ከጫማዋ ጭቃ ጋር ውጭ ቀረ። ያን ዕለት ከላይ ካለው ከኢንቻውስፔ ቤት አንዲት ወፍራም ሴት ከራሷ ምድጃ ፍም በአካፋ ይዛ መጣችና የላራልዴን ምድጃ ለኮሰችላት። የዛሬው የኢንቻውስፔ ሰው የቢሼንቴ እናት ነበረች። እንግዲህ የመጀመሪያ ጎረቤትሽ እኛ ነን፣ ሽንኩርት ስትከትፊ ግን ቀጠን አድርጊው፣ ብላት ወጣች።

የመጀመሪያ ጎረቤት ከወንድም ይቀድማል። በላራልዴ ሰው ሲሞት መርዶው መጀመሪያ የሚሄደው ኢንቻውስፔ ነው፤ ልጅና እኅት ከዚያ በኋላ ይሰማሉ። ደወሉን የሚደውለው፣ በአስከሬኑ ፊት መስቀል ይዞ የሚሄደው የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። ኢንቻውስፔ ሲያዝን ደግሞ ተራው የላራልዴ ይሆናል። ማርቲን የሞተ ጠዋት ቢሼንቴ መጥቶ ጢሙን ላጨው። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ፣ ማርቲን ሞቷል፣ እናንተ ግን አትሂዱ፣ ለሻማው ሰም ሥሩለት፣ እያለ ለንቦቹ ነገራቸው፤ በሳሮቤ የቤት ሞት ለንቦቹም ይነገራል። ኒኮላሳ በመስኮት ታይ ነበር። ዛሬም ማርቲንን ስታስበው ቀድሞ የሚመጣባት ፊቱ ሳይሆን ያ የጣት ድምፅ ነው። ንቦቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ በበሽታ አለቁ። ቀፎዎቹን ግን አላነሳቻቸውም።

ሳህኑም የዚሁ ጉርብትና ነው። በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል ሰሞን አሳማ ሲታረድ ከላራልዴ ስድስት የደም ቋሊማ፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ነጭ ሳህን፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ወደ ኢንቻውስፔ ይወጣል። በጥር ኢንቻውስፔ ሲያርድ ሳህኑ ስድስት ይዞ ይወርዳል። አሁን ሁለቱም አሳማ አያረቡም፤ ግማሽ ጎን ከሉካንዳ ያስመጣሉ። ሳህኑ ግን መንገዱን አልሳተም። ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ተተክቷል፤ ያው ሳህን ነው።

ዘንድሮ ኒኮላሳ ወጥታ በኢንቻውስፔ ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ማለዳ በሯን ስትከፍት ሳህኑ ደፏ ላይ ተቀምጧል። ቋጠሮው እንዳሰረችው ነው። ተፈትቶ እንኳ አልታየም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አይታ ቀርቶ ሰምታም አታውቅም። ቢሼንቴን ከሩቅ አየችው፤ ቀና ብሎ ደመና መረመረና ወደ ዶሮዎቹ ዞረ። ዝም አለች። እሱም ዝም አለ። በስድስተኛው ቀን የዳቦ መኪናዋ ስትመጣ፣ የመንደሩን ወሬ ከዳቦው ጋር የምታድለው ሴት በሙዚየሙ አዲስ ሰሌዳ እንደተሰቀለ ነገረቻት። ላራልዴና ኢንቻውስፔ የሚሉ ስሞች አሉበት አሉ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የዳቦዋ ሴት አላወቀችም። ኒኮላሳ ግን ሳህኑን አስባ ወዲያው አወቀች።

ያን ቀን ሥራ አልያዝ አላት። ልጇ ያለችው ፓምፕሎና ነው፤ እሑድ እሑድ በስልክ ትጠይቃታለች። ኒኮላሳ ሰኞ ብትሞት እስከ እሑድ የሚሰማ የለም። ይህ ብዙም አላስጨነቃትም፤ የሞተ ሰው ቀጠሮ የለበትም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ኢንቻውስፔ ጉርብትናውን ከተወ መርዶዋን ማን ይቀበላል? ደወሉን ማን ይደውልላታል? ሃምሳ ስድስት ዓመት በኖረችበት መንደር እንደ መንገደኛ ልትቀበር ነው።

ሙዚየሙን የምትጠብቀው ኔካኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ የተመለሰች የአርባ ዓመት ሴት ናት። ኒኮላሳን በሩ ላይ ስታይ አንድ ነገር የደረሰ መስሏት ብድግ አለች። ለጉብኝት እንደመጣች ሲገባት ደግሞ የምታደርገው ጠፋት። ለመንደሩ ሰው መግቢያ በነጻ ነው የሚለውን ማስታወቂያ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠቀምበት ነው።

ከበሩ ገባ ሲባል በመጥረጊያ ላይ የተፈናጠጠች የሰም አሮጊት አለች፤ አፍንጫዋ ቆልማማ፣ ጥርሷ ሁለት። ኒኮላሳ አፍንጫውን አልፋ ልብሱ ላይ ቆመች። እጀታውን ገልብጣ አየችው።

"ይሄ ካፖርት የኔ ነው።"

ኔካኔ ፊቷ ቀላ። ከቤተ ክርስቲያኑ የልብስ ሳጥን እንዳመጣችው አመነች።

"ለችግረኛ ይሁን ብዬ ነው የሰጠሁት" አለች ኒኮላሳ።

"ከእሷ በላይ ችግረኛ ማን አለ፣ እትዬ ኒኮላሳ? ሊያቃጥሏት እኮ ነው።"

ኒኮላሳ ነገሩን መዘነችው። ቢያንስ ሦስተኛውን ቁልፍ ስፉላት ብላ አለፈች።

ቀጥሎ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ ከፋይ የለበሰች የፕላስቲክ እንቁራሪት ተቀምጣለች። የያኔ ምስክሮች ጠንቋዮቹ እንቁራሪቶቻቸውን እንዲህ ያለብሱ ነበር ብለው ምለዋል። ኒኮላሳ ጎንበስ ብላ ስፌቱን ተመለከተችና ይህን የሰፋ ሰው እንቁራሪት ይዞ አያውቅም አለች፤ ብብቷን ይይዛታል። ቀና ስትል ግድግዳውን ተደገፈች፤ የተደገፈችው ግን ግድግዳ ሳይሆን አዝራር ኖሮ አንድ የተቀረጸ የአሮጊት ሳቅ ክፍሉን ሞላው። ንግግር ማቋረጥ ነውር ነውና እስኪያልቅ ጠበቀች። ጎብኚዎች በጣም ይወዱታል፣ አለች ኔካኔ እንደማፈር ብላ። ኒኮላሳ በዚህ መንደር እንዲህ የሚስቅ እንደሌለ፣ ይህ የከተማ ሳቅ እንደሆነ ነገረቻት።

አዲሱ ሰሌዳ ከኋላ ነበር። መነጽሯን ረስታለች። ኔካኔ አነበበችላት።

"የላራልዴ እመቤት ምላ እንዲህ አለች። በጥር ወር የኢንቻውስፔ እመቤት ስድስት የደም ቋሊማ በሳህን ላከችልኝ። ስድስቱንም በላሁ። ሆዴ ሦስት ቀን ተነፋ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጥቁር ድመት መስኮቴ ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። ድመቷ የእሷን ዓይን ይዛ ነበር።"

ኒኮላሳ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች።

"ስድስቱንም?"

"እንዲህ ነው የሚለው።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

"ባሏስ? ልጆቿስ?"

"ስለነሱ አልተጻፈም፣ እትዬ።"

"ሆዳም" አለች ኒኮላሳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቀሪውን ኔካኔ ሳታነብ በቃሏ ነገረቻት። የኢንቻውስፔ እመቤት በበቅሎ ተጭና የጠንቋይ ዳኞች ወደሚያስችሉበት ከተማ፣ ወደ ሎግሮኞ ተወሰደች። ፍርድ አልደረሳትም፤ በመጀመሪያው ክረምት እዚያው እስር ቤት በትኩሳት ሞተች። ስሟን ኒኮላሳ ጠየቀች። አልተጻፈም፤ መዝገቡ የሚያውቀው የቤቱን ስም ብቻ ነው። ኒኮላሳ ይሄን እንደ ጉድለት አልቆጠረችውም። ያሳሰባት ሌላ ነበር።

"መርዶዋን ማን አመጣላቸው?"

ኔካኔ አላወቀችም። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ጎብኚም፣ ፕሮፌሰርም አልነበረም።

"ደወሉን ማን ደወለላት ነው የምልሽ። የመጀመሪያ ጎረቤቷ እኛ ነን። እኛ ደግሞ..." እጇን ወደ ሰሌዳው ዘረጋችና መለሰችው።

ኔካኔ ልታጽናናት ሞከረች። የመስካሪዋ ቤተሰብ ዘሩ ከጠፋ ሁለት መቶ ዓመት እንዳለፈው፣ ላራልዴም በጦርነት ተቃጥሎ ከመሠረቱ እንደተሠራ፣ ኒኮላሳም ራሷ ከተራራው ወዲያ የመጣች መሆኗን እየቆጠረች አስረዳቻት። እርስዎን የሚነካ አንድ ጠብታ ደም የለም አለቻት።

"ስለ ደም ማን አወራ?" አለች ኒኮላሳ። "ቤቱ ላራልዴ አይደለም?"

ነው።

"እንግዲያው ያልነው እኛ ነን። የምንሽረውም እኛ ነን። ጻፊ።"

ኔካኔ ሰሌዳው ላይ ምንም እንደማትጨምር፣ ሰነድ ሰነድ እንደሆነ ተከራከረች። ክርክሩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተስማሙ፤ ቃሉ በእንግዶች መዝገብ ይገባል። ከላይ አንድ የማድሪድ ሰው ሽንት ቤቱ ንጹሕ መሆኑን አመስግኗል። ከሥሩ አንዲት ሕፃን የእንቁራሪቷን ሥዕል ሥላለች። በቀጣዩ መስመር ኔካኔ ኒኮላሳ እንዳለቻት ጻፈች፤ ኒኮላሳም መስቀል ሳይሆን ስሟን ሙሉ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ መዝገቡን ዘግታ ብብቷ ሥር አስገባችና ወደ በሩ አመራች። ኔካኔ ጃንጥላ ይዛ እየተከተለች መዝገቡ ከሙዚየሙ አይወጣም እያለች ለመነቻት። ኒኮላሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቃት ልጅ ስትለምናት መስማት ደስ ስላላት አልመለሰችላትም።

ቢሼንቴ በኢንቻውስፔ ደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቅርፊተ ደረቅ የዋልነት ፍሬ በመዶሻ ይሰብራል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አላገባም፤ የሚያዘው ለዶሮዎቹ ብቻ ነው፣ እነሱም እንደፈቀዱ። አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ኒኮላሳን ሲያይ ሊነሳ ሞክሮ ተወው።

"ተቀመጥ" አለችው። "የመጣሁት ላራልዴ ሆኜ፣ ከቤት ወደ ቤት ነው። አንብቢለት።"

ኔካኔ በጃንጥላዋ ሥር ቆማ አነበበች። መጀመሪያ ምስክርነቱን በቃሏ፣ ቀጥሎ መዝገቡን።

"እኛ ላራልዴዎች በኢንቻውስፔ ላይ የመሰከርነውን ሽረናል። ቋሊማው ደህና ነበር። የበላነው በዛ። ድመቷም ድመት ነበረች።"

ቢሼንቴ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ዝናቡ ክፈፉ ላይ ይንጠባጠባል። ኒኮላሳ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት በአካፋ የመጣላትን ፍም አሰበች፤ ምድጃውም፣ ሴትየዋም፣ ማርቲንም የሉም።

"ሴትየዋ ስድስት ቋሊማ ብቻዋን በልታ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ብቻዋን።"

"አሁን አንቺ፣ እኔ ይህን ሰምቼ ነው ሳህንሽን የመለስኩት ትያለሽ?"

"ታዲያ ለምን መለስከው?"

ቢሼንቴ መዶሻውን አስቀመጠ። ኔካኔን አየ፣ ዶሮዎቹን አየ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማ ያደረገውን እግሩን ከአግዳሚው ሥር ሊደብቅ ሞከረ።

"ሪህ ነው" አለ። "ሐኪሙ ደም የነካው፣ ጉበት የነካው፣ ቋሊማ የሚባል እንዳላይ ብሎኛል።"

"አትናገርም ነበር?"

"ምን ብዬ? ሰማንያ ዓመት የበላሁትን የጎረቤት ሳህን ሐኪም ከለከለኝ ብዬ ደጅሽ ልቁም? እናቴ ከመቃብር ተነስታ በአካፋ ትለኝ ነበር። ቋጠሮውን ብፈታው ሽታው ይጥለኛል። ደግሞ አንቺ ጋ ያለው ሽንኩርት፣ ታውቂዋለሽ፣ ወፍራም ነው፤ ቢሆንም እበላው ነበር። ስለዚህ ተኝተሽ ሳለ አስቀምጬ ሸሸሁ።"

ኒኮላሳ ስድስቱን ቀን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ደመና ሲመረምር አየሁበት ያለችውን ክፉ ዓይን አሰበች። ትናንት ለዳቦዋ ሴት ስለ እሱ ልትናገር ከጫፍ ደርሳ የተወችውን ነገር አሰበች፤ ሊጨመርበት የቀረው ጥቁር ድመት ብቻ ነበር።

"ቋሊማዎቹስ?" አለ ቢሼንቴ። "አልጣልሻቸውም መቼም።"

ኒኮላሳ ወደ ዶሮዎቹ ዞረች።

"ኒኮላሳ።"

"በላኋቸው።"

"ስድስቱንም?"

"በስድስት ቀን ነው" አለች። "በንዴት።"

"ሆድሽስ?"

"ደህና ነው ሆዴ።"

ኔካኔ ፊቷን ወደ ጃንጥላዋ እጀታ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቃት። ቢሼንቴ አልሳቀም። እንዲያውም ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ የተበደለ ሰው ወግ ቀስ በቀስ ያዘው።

"ነገሩን አንቺው አነሳሽው እንጂ እኔ እኮ አላውቅም ነበር" አለ። "አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሳህናችሁን ስንበላ፣ ለካ ያስገደላችሁን እናንተ ናችሁ።"

"በትኩሳት ነው የሞተችው።"

"ትኩሳቱ ወደያዛት እስር ቤት ማን ላካት? እሱንም እኔ ላይ ጣይው። ለካ የአባቴ አባት ለባልሽ አባት አባት..." ዘመዱን ቆጥሮ መጨረስ አቃተውና ተወው። "ላስብበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተቸኩሎ አይባልም።"

አሰበ። አንድ ዋልነት ሰበረና ፍሬውን አውጥቶ በላ። ሁለተኛ ሰበረ። ኒኮላሳ ካፊያው ውስጥ ቆማ ጠበቀች። ኔካኔ ጃንጥላውን ልታዘነብልላት ብትሞክር በክርኗ ገፋችው። ቆማ ልትሰማው ይገባል።

"ሻሽሽን ስጪኝ" አለ።

ከራሷ ፈትታ ሰጠችው። ከጎኑ ካለው ቅርጫት ያልተሰበረ ዋልነት እየዘገነ ሞላው፤ አራቱን ጫፍ በጥንቃቄ ቋጠረ።

"ሐኪሙ ይህን አልከለከለም። ለሳህኑ ምላሽ ነው። ባዶውን እንዳይመለስ።" ቋጠሮውን ሰጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ በሞት ከቀደምሽኝ ደወሉ የኔ ነው። እኔ ከቀደምኩስ? ንብ የለኝ።"

"ለዶሮዎቹ እነግራለሁ።"

"ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ከደነገጡ እንቁላል ያቆማሉ።"

ኔካኔ መዝገቡን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ቢሼንቴ ግን እስክሪብቶ ጠየቃትና ከኒኮላሳ ፊርማ ሥር በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ ኢንቻውስፔ ሰምቷል።

ኒኮላሳ በቀጥታ ወደ ቤቷ አልወረደችም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዋልነቱን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ደወሉ ገመድ ገባች። የሞት ደወል ለወንድ ሦስት፣ ለሴት ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ሳበች፣ ቆየች፣ ደግማ ሁለት ሳበች። ቢሼንቴ ከአግዳሚው ሆኖ ሰማና ኮፍያውን አወለቀ።

በመንደሩ መስኮቶች ተከፈቱ። የቀሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በልቡ ይቆጥር ጀመር። የዳቦ መኪናዋ አደባባዩ ላይ ቆማ ነበር። የዳቦዋ ሴት ኒኮላሳን ባዶ ራሷን ስትወጣ አየቻትና ዱቄት የነካ እጇን እየጠራረገች ሮጠች።

"ማን ሞተ?"

"የኢንቻውስፔ እመቤት።"

"ኢንቻውስፔ እመቤት የለው... መቼ?"

"አራት መቶ ዓመት ይሆናታል። ዛሬ ነው የደረሰን።"

የዳቦዋ ሴት አፏ ክፍት እንደሆነ አማተበች። ሌላ የምትለው ስላጣች ለቅሶ ላይ የሚጠየቀውን ጠየቀች።

"በምን ሞተች?"

ኒኮላሳ የዋልነቱን ቋጠሮ ከደረጃው አነሳች።

"በጎረቤት" አለች።

ከዚያ ሁለት ዳቦ ወሰደች። አንዱ የኢንቻውስፔ ነው። እግሩን የሚያመው ሰው ለዳቦ መውረድ የለበትም፤ ሐኪሙም ዳቦ አልከለከለውም።